ያልታደሰው ሰርቨር፦ ለደቡብ ምዕራብ ኃላፊዎች፣ ባለሙያዎችና ነዋሪዎች ማሳሰቢያ

በሚዛን አማን፣ በቴፒ፣ በማሻ፣ በቦንጋና በጀሙ ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ የጤና ተቋማት፣ ኮሌጆች፣ የቡና ማኅበራትና ሆቴሎች ሥራቸው ያለ ኔትወርክ አይሄድም። የታካሚው መረጃ፣ የተማሪው ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የገበሬው ስምና የማሳው መገኛ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሰርቨሩን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ሶፍትዌሮች ግን በብዙ ቦታ ከተጫኑበት ቀን ወዲህ አልታደሱም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ስለሌለው ልብ የሚለው የለም።

ነገሩ የሚጀምረው በቅን ሐሳብ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ ኮሃ፣ ለትምህርቱ ሙድል፣ ለጤና ሪፖርቱ ዲኤችአይኤስ-2፣ ለመሥሪያ ቤቱም ድረ ገጽና ኢሜይል ያስፈልጋል። ሊኑክስ የተባለው ሲስተም የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ተቋራጭ ኡቡንቱ ወይም ሴንቶስ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይጭናል፣ አገልግሎቱ መሥራቱን ያሳያል፣ ርክክብ ይፈረማል፣ ሰውየው ይሄዳል። በርክክቡ ሰነድ ላይ ማሽኑ፣ ገመዱና ባትሪው ተዘርዝረዋል። ሶፍትዌሩን ማን፣ በየስንት ጊዜው ያድሰዋል የሚለው ግን አልተጻፈም። አንድ ዓመት ያልፋል፣ ሦስት ዓመት ያልፋል። ሰርቨሩ እየሠራ ስለሆነ ሁሉም ደኅና ይመስላል።

ተጠቃሚው የሚያየው ገጹን ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ብዙ ሰው ስማቸውን የማያውቃቸው የሶፍትዌር ፓኬጆች አሉ። ኦፕን ኤስኤስኤች ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን እንዲያዝ ያስችላል። ኦፕን ኤስኤስኤል መረጃ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ያመሰጥራል። ባይንድና ዲኤንኤስማስክ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ ይመራሉ። ሳምባ በቢሮ ውስጥ ፋይል ያጋራል። እነዚህ ፓኬጆች ቀንም ሌሊትም ከማያውቁት ሰው የሚመጣ መልእክት ተቀብለው ያነባሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። በአንዳቸው ላይ ክፍተት ሲገኝ እንግዲህ አጥቂው ከማንም ጋር መተዋወቅ፣ ማንንም ማታለል፣ የማንንም የይለፍ ቃል መስረቅ ላያስፈልገው ይችላል።

«እየሠራ ነው፣ አትንኩት» የሚለው አባባል በየአይሲቲ ክፍሉ ይሰማል። የሚሉት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። መብራት በመሀል ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማሻሻያው ቢያበላሽ የሚወቀሰው ባለሙያው ነው፤ ሳያድስ ቢቀር ግን ማንም አይጠይቀውም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አስተዋይ ሰው እንኳ አለመንካትን ይመርጣል። ስለዚህ ወቀሳው በባለሙያው ላይ ብቻ ሊያርፍ አይገባም።

ሆኖም አለመንካት ሰርቨሩን እንደነበረ አያቆየውም። የሊኑክስ ፓኬጆች ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ክፍተት ተጠግኖ ማሻሻያው ሲወጣ የተለወጠው መስመር አብሮ ይታያል፤ ያንን መስመር ያነበበ ሰው አሮጌው ኮድ በየት በኩል እንደሚሰበር ይረዳል። ማሻሻያው በወጣበት ቀን ጠባቂውም ሌባውም እኩል ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚያገለግለው ቀድሞ ለተንቀሳቀሰው ነው። አጥቂዎቹ ደግሞ ቦታ አይመርጡም። አድራሻዎችን በተራ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አሏቸው። ቴፒ የት እንደሆነች ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ከአዲስ አበባ መራቃችን በዚህ ጉዳይ አንዳች ጥበቃ አይሰጠንም።

«ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለውም እምነት ብዙ ጎድቷል። መጋቢት 29 ቀን 2006 «ሃርትብሊድ» የተባለው የኦፕን ኤስኤስኤል ክፍተት ይፋ ሆነ። አጥቂው በአንድ ጥያቄ ከሰርቨሩ ማስታወሻ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ማንበብ ይችል ነበር፤ ደጋግሞ ሲጠይቅ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ሊያገኝ ይችላል። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ግን የሚቀር ምልክት አልነበረም። ግንቦት 2009 ላይ «ዋናክራይ» የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያስተጓጉል የሊኑክስ ሰዎች ከዳር ቆመው አይተው ነበር። ለዊንዶውስ መጠገኛው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በዚያው ግንቦት ወር አጋማሽ ሳምባ ላይ ተመሳሳይ ዓይነት ከባድ ክፍተት ተገኘ። ያን ጊዜ ተራው የሊኑክስ ሆነ።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የማይክሮቲክ ነገር ነው። በሆቴሉ፣ በካፌው፣ በትንሹ ቢሮ ዋይፋይ የሚያከፋፍለው ይህ ራውተር በውስጡ የሚሠራው በሊኑክስ ላይ የተገነባ ሲስተም ነው። ሚያዝያ 2010 ላይ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ሳይቀር አሳልፎ የሚሰጥ ክፍተት ተገኘበትና አምራቹ ወዲያው መጠገኛ አወጣ። መጠገኛው በነፃ ነበር፤ መጫኑም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በዓለም ዙሪያ ወደ 200 ሺህ የሚደርሱ ራውተሮች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ የዲጂታል ገንዘብ ማዕድን ፍለጋ ኮድ ሲያሰራጩ ተገኙ። ሁሉም ያልታደሱ ነበሩ። የሆቴል ባለቤት ሆይ፣ እንግዳዎ «ኢንተርኔቱ ከበደ» ሲልዎት መስመሩን ብቻ አይጠርጥሩ። ራውተሩ ከተገዛ ወዲህ ታድሶ እንደሆነ ይጠይቁ።

የሰኔ 2016 ሁለት ተከታታይ ቀናት ደግሞ በተለይ ሊታወሱ ይገባል። ሰኔ 23 ቀን 2016 የሴንቶስ 7 ዘመን አበቃ። ለአሥር ዓመታት ያህል በብዙ የአገራችን ተቋማት ሲታመንበት የኖረ ሲስተም ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነፃ የደህንነት ማሻሻያ አይወጣለትም። በማግሥቱ ሰኔ 24 ቀን ኳሊስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በኦፕን ኤስኤስኤች ላይ ያገኘውን ከባድ ክፍተት ይፋ አደረገ። ክፍተቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ የነበረ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገ የኮድ ለውጥ ሳይታወቅ ተመልሶ ገባ። ኩባንያው ለጥቃት ሊጋለጡ ይችላሉ ያላቸው ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ሰርቨሮች ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሴንቶስ 7 የያዘው የኦፕን ኤስኤስኤች እትም የቆየ ስለነበር ይህኛው ክፍተት አልነካውም። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «አሮጌው ይሻላል» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ አደገኛ ድምዳሜ ነው። ቀጣዩ ክፍተት ያንን አሮጌ እትም የሚነካ ቢሆን የሚጠግነው የለም። ኡቡንቱ 20.04ም መደበኛ ድጋፉ በግንቦት 2017 አብቅቷል፤ 18.04 ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ዛሬ በእነዚህ ላይ የሚሠራ ተቋም ወይ ለተራዘመ ድጋፍ ይመዝገብ፣ ወይ ወደ አዲሱ ይሸጋገር። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ጉዳቱ ምን ይመስላል? የድረ ገጹ መልክ ቢቀየር ቀላሉ ነው። ሰኔ 2012 ላይ፣ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ወቅት፣ የያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሣ «ሳይበር ሆረስ» የተባለ ቡድን የሞከረውን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። የተወሰኑ የመንግሥት ድረ ገጾች ግን ገጻቸው ተቀይሮ ታይቷል። የሚታይ ጥቃት ቢያንስ ይታወቃል። ከዚያ የሚብሰው የማይታየው ነው። ወራሪው ገብቶ ዝም ይላል። የሠራተኛውን ኢሜይል ያነባል፣ በሱ ስም የክፍያ ደብዳቤ ይልካል፣ ወይም አንድ ቀን ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። የታካሚ መዝገብ ከተቆለፈ ሐኪሙ በሽተኛው ባለፈው ወር ምን መድኃኒት እንደወሰደ አያይም። የተማሪ ውጤት ከተለወጠ ደግሞ የትኛው ትክክል እንደነበር የሚያረጋግጥ ሌላ ቅጂ ላይኖር ይችላል።

የቡናውም ነገር አብሮ ይታሰብ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ተግባራዊነቱ ቢገፋም ወደ ኅብረቱ የሚገባው ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ መገኛው እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በቤንች ሸኮ፣ በሸካ፣ በካፋና በምዕራብ ኦሞ የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋትና መገኛው በስልክ እየተሰበሰበ ወደ ሰርቨር መግባት ጀምሯል። መዝገቡ ከተበላሸ ወይም ከተነካካ ቡናው ደን ከተጨፈጨፈበት መሬት አለመምጣቱን ማስረዳት ይከብዳል። ጥፋት የሌለበት ገበሬ ገዢ ያጣል። ይህ ገበሬ ስለ ኦፕን ኤስኤስኤል ሰምቶ አያውቅም፤ ሊሰማም አይገባውም። መጠበቅ ያለበት መረጃውን የተቀበለው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ የሚይዝ ተቋም ደህንነቱን እንዲያስጠብቅ ያስገድዳል።

ሌላም አለ። የተወረረ ሰርቨር ሌሎችን መውረሪያ ይሆናል። የቡና ፍሬ በሽታ የያዘውን ማሳ ባለቤቱ ችላ ሲለው በሽታው አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት እንደሚሄድ ሁሉ፣ በሚዛን ያለው ችላ የተባለ ማሽን በቦንጋ ወይም በጅማ ያለውን ተቋም ለማጥቃት ይውላል። አድራሻው የእናንተ ስለሆነ የሚጠየቀውም የእናንተ ተቋም ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦ አንድ ኃላፊ ነገ ጠዋት «ሁሉንም አድሱ» ብሎ እንዳያዝዝ እለምናለሁ። ያልተፈተነ ማሻሻያም ያጠፋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በጥቂት ሰዓታት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተካሄደ፤ ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም አስታውቋል። ያው ወር ሳይወጣ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በኤክስዜድ ፓኬጅ አዲስ እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር መግቢያ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በኤስኤስኤች ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር ያጠራጠረው። ጉዳቱ የደረሰው በዋናነት አዲሱን ሁሉ ወዲያው በሚቀበሉ የሙከራ እትሞች ላይ ነበር፤ የረጋ እትም የያዙት አልተነኩም።

ስለዚህ ባለሙያዎች፣ አዲስ የእትም ቁጥር አታሳድዱ። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሬድ ሃት የደህንነት መጠገኛውን ወደ ቆየው እትም መልሰው ያስገባሉ፤ የእትሙ ቁጥር አሮጌ ቢመስልም ፓኬጁ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። የደህንነት ማሻሻያዎችን ብቻ በራሱ ጊዜ የሚጭነውን የኡቡንቱና የዴቢያን አገልግሎት አብሩት፤ መሥራቱንም በየሳምንቱ ከመዝገቡ አረጋግጡ። በፍላሽ ከሰው እጅ የመጣ ፓኬጅ አትጫኑ። ሲስተሙ ፊርማው አልተረጋገጠም ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ ማስጠንቀቂያውን አጥፍታችሁ አትለፉ፤ ያ ማስጠንቀቂያ የተቀመጠው ለዚህ ቀን ነው። ፓኬጁ ከተጫነ በኋላም ሥራው አላለቀም። አገልግሎቱ እንደገና ካልተነሣ አሮጌው ኮድ በማስታወሻ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ ከሆነ ማሽኑ ራሱ መነሣት አለበት። ከወራት በፊት «ታድሷል» ተብሎ እስካሁን በአሮጌው ኮድ የሚሠራ ሰርቨር ከሁሉም በላይ አደገኛ ነው፣ ባለቤቱ ተጠብቄያለሁ ብሎ ተኝቷልና።

ከሩቅ ሆናችሁ ስታድሱም ተጠንቀቁ። መስመሩ በመሀል ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ በስክሪን ወይም በቲመክስ ፕሮግራም ውስጥ አድርጉት። የኔትወርክና የፋየርዎል ፓኬጅ ሲታደስ ሰርቨሩ አጠገብ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ይቁም። ይህ ካልሆነ አንዲት የተሳሳተች መስመር ባለሙያውን ከአዲስ አበባ እስከ ቴፒ በመኪና ታስመጣለች፤ እስከዚያ ድረስ አገልግሎቱ ተዘግቶ ይቆያል።

አሁን ወደ ኃላፊዎች ልመለስ፤ ቁልፉ ያለው በእናንተ እጅ ነውና። ባለሙያው የሚያስፈልገው ምስጋና አይደለም፣ ጊዜና ሥልጣን ነው። በየወሩ አገልግሎቱ ለጥቂት ሰዓት የሚቆምበት የታወቀ ምሽት ፍቀዱለት፤ ለሠራተኛውም አስቀድማችሁ አሳውቁ። በዚያ ምሽት ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዲኖረው አድርጉ። ማሻሻያ እየተጫነ በመሀል መብራት መጥፋት የፓኬጁን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል። ዋናውን ሰርቨር ከመንካቱ በፊት የሚሞክርበት ሁለተኛ ማሽን ስጡት፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ለብዙው ሥራ ይበቃል። ባክአፕ መኖሩን አትጠይቁ። ካለፈው ባክአፕ ተመልሶ የተከፈተ ፋይል እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበትን ሁኔታም አስቀሩ፤ ያ ሰው ሌላ ሥራ ሲያገኝ ሰርቨሩ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ትልቁን ሽግግር፣ ማለትም ዘመኑ ካለፈበት እትም ወደ አዲሱ መሻገርን፣ ለሐምሌና ለነሐሴ መድቡት። ተማሪው ለዕረፍት ወጥቷል፤ ቡናውም በአብዛኛው ገና አልቀላም፣ አቅራቢው መዝገብ አይጠብቅም። መስከረም ከገባና ለቀማው ከተጀመረ በኋላ ግን ማንም ሰርቨር አያስነካችሁም። ክረምቱ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ አለው፤ ስለዚህ ባትሪውና ጄኔሬተሩ በሰኔ ይፈተሹ።

የኢንተርኔቱን ቀርፋፋነት ለሚያነሡም መፍትሔ አለ። አንድ ትልቅ ተቋም የኡቡንቱንና የዴቢያንን ማከማቻ ቅጂ በራሱ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጥና ለአካባቢው ተቋማት ቢከፍት ማሻሻያው አንዴ ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። ፊርማው ከዋናው ምንጭ ስለሆነ በመሀል ቢነካካ ይታወቃል። በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚመች ቦታ ላይ ነው። ለኮምፒውተር ተማሪዎችም የእውነት ሥራ ይሆናል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች በተለያዩ ከተሞች መከፋፈላቸው መረጃ በየመንገዱ እንዲመላለስ ስለሚያደርግ፣ የክልሉ ቢሮዎች ከሌሎች ይልቅ ይህን ቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

የግዥ ክፍሎችም አንድ መስመር ጨምሩ። ሰርቨርም ሆነ ራውተር ስትገዙ አምራቹ እስከ መቼ ማሻሻያ እንደሚያወጣለት በጨረታው ሰነድ ላይ ይጠየቅ። ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያድስ፣ ከዚያም ሥራውን ለማን እንደሚያስረክብ በውሉ ይጻፍ።

ነዋሪዎች ደግሞ ለቤታችሁና ለሱቃችሁ ራውተር ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ለውጡ። ከውጭ በኢንተርኔት ገብቶ ማስተካከያ እንዳይደረግበት ያንን አገልግሎት ዝጉት፤ ከቤት ውጭ ሆኖ የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ ክፍት መሆኑ ለሌባ እንጂ ለእናንተ አይጠቅምም። በዓመት ሁለቴም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አሳድሱት።

ሰርቨር እንደተወረረ ከተጠራጠራችሁ ማሽኑን አታጥፉት፤ አጥፍታችሁ እንደ አዲስም አትጫኑት። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። የመግቢያ መዝገቦቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም የይለፍ ቃል ከሌላ ንጹሕ ማሽን ይለወጥ። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ያንኑ ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ የጎረቤት ተቋማትም ደውሉ። ያሳወቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ኃላፊው ከወዲሁ፣ ምንም ሳይደርስ፣ በጽሑፍ ይወስን።

የሰኔ ወር ከማለቁ በፊት እያንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የአይሲቲ ባለሙያውን ጠርቶ ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ ሰርቨራችን የትኛው እትም ላይ ነው? ድጋፉ መቼ ያበቃል? መጨረሻ የታደሰው በየትኛው ቀን ነው? መልሱ በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ቀን ይጻፍበት፤ ሁለቱም ይፈርሙበት።